አማቼ የበየደው ሶኬት

ሕግ አክባሪ ሰው በቤቱ ያለው አባት የታደለ ነው። እኔ ታድያለሁ፤ የልጄ ባል አለኝ።

ዳሌዬ ተሰብሮ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተኝ፣ ሰው የምጠራው ግድግዳውን በከዘራዬ እየመታሁ ነበር። አንዴ ስመታ ውኃ፣ ደጋግሜ ስመታ ፖፖ ይመጣል። አማቼ ይህን አይቶ አዘነ።

«አባባ፣ በዚህ ዘመን ግድግዳ ይደበደባል? እኔ እያለሁ?» አለና ከዘራዬን ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

አማቼ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ ግን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እየገጣጠመ ይጫወታል። በከዘራዬ ምትክ የኤሌክትሪክ ደወል ሊሠራልኝ ተነሣ፤ ሥራውንም አልጋዬ አጠገብ ቆሞ በንግግር ከፈተው።

«የዚህ ደወል አእምሮ ይህ ቺፕ ነው» አለ። ጣቱ ላይ ያለው ጥቁር ነገር አሥራ አራት እግር አለው፤ በረሮ ይመስላል። «አላዋቂ ሰው ቺፑን ራሱን የደወሉ ሰሌዳ ላይ ይበይደዋል። ሲቃጠልበት ያለቅሳል። እኔ የምበይደው ሶኬቱን ነው፤ መቀመጫውን። ቺፑ እላዩ ላይ ይሰካል። ቢበላሽ ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው። አርቆ ማሰብ ማለት ይህ ነው!»

አጨበጨብኩ። ከአልጋ ሆኖ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም።

በየደ። እንዲህ ያለ የሚያብረቀርቅ ብየዳ አይቼ አላውቅም። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች፤ ሁለቱ ምልክቶች ወደ አንድ ወገን ማየት ሲገባቸው፣ ሰሌዳው ላይ የተሳለው ምልክት ወደ መስኮቱ ያያል፣ የሶኬቱ ምልክት ወደ በሩ። አማቼ የቺፑን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር አስተካክሎ ሰካው።

«ይጫኑ አባባ!»

ተጫንኩ። ቺፑ ጨሰ።

ልጄ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። «ምንድን ነው የተቃጠለው?»

«ቺፕ ነው። ሶኬት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው!» ነቅሎ ሌላ ሰካ። ተጫንኩ። እሱም ጨሰ።

ልጄ ሰሌዳውን አንሥታ አገላብጣ አየችው። «አንተ፣ ሶኬቱን እኮ ገልብጠህ ነው የበየድከው። ቺፑን አዙረህ ስካው በቃ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቺፕ ሶኬቱ ወዳየበት ያያል። ሕጉ ነው። ለአንድ ደወል ብዬ ሕግ አልጥስም።»

«እሺ ሶኬቱን ንቀለው።»

«ይህን ብየዳ? ጨክነሽ ነው?»

ልጄ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ቺፕም በሳጥን ይገባልን ጀመር። ቺፑን ራሱን በይዶት ቢሆን ኖሮ አንዴ ተቃጥሎበት ይማር ነበር። ሶኬት ያለው ሰው ግን ስሕተቱን ሳይደክመው ይደግማል፤ የሥልጣኔ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ደግሞ ደወሉ አይሠራም ማለት ግፍ ነው። ስጫን ቺፑ ይጨሳል፣ ሽታው ቤቱን ያዳርሳል፣ ሰው ይመጣል። አማቼ አዲስ ቺፕ፣ ልጄ ፖፖ ይዛ።

አንድ ቀን ልጄ ወጣ ብላ ሳለ የአማቼ ባልደረባ ሊጠይቀን መጥቶ ከአማቼ ጋር ሳሎን ተቀመጠ። እኔን ሽንቴ ወጠረኝ። እንግዳ ባለበት ቤት ማጨስ ነውር መሰለኝ። ቺፑን በማንኪያ እጀታ ፈንቅዬ፣ ልጄ እንዳለችው አዙሬ ሰካሁትና ተጫንኩ።

ጮኸ! ጥርት ብሎ ጮኸ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለ እንግዳው።

«የጎረቤት ይሆናል። የኛ ደወል አይጮኽም።»

«ሽማግሌው እንዳይሆኑ?»

«ጭስ ሸተተህ?»

«ኧረ ምንም አልሸተተኝም።»

«በቃ ደኅና ናቸው ማለት ነው። ሻይህን ጠጣ።»

ጣቴ እስኪዝል ተጫንኩ። የቀረውን አንሶላው ይናገር።

ቆይቶ አማቼ ደወሉን ሊያሳየው እንግዳውን ይዞ ወደ እኔ ገባ። ሰሌዳውን ሲያይ ደነገጠ። «ቺፑን ማነው የገለበጠው? ደግነቱ አልተቃጠለም!» ነቅሎ ወደ ሕጉ መለሰው። «አሁን ይጫኑ አባባ።»

ተጫንኩ። ጨሰ። ልጄ ሽታውን ከደጅ ሰምታ እየሮጠች ገባች፤ ደረቅ አንሶላም መጣልኝ።

እንግዳው እያሳለ አጨበጨበ። «ይገርማል! ለእናቴም አንድ ሥራልኝ።»