ውሃ ልኬ ካራ፣ መዶሻዬ አያት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ ክረምት ሊገባ ሲል ግን ነው። እኛ ግንበኞች ሥራ ስንቀበል አንድ መሣሪያ አሠሪው ቤት እንተዋለን፤ እመጣለሁ ማለታችን ነው። ታዲያ ለሁለት ሰው እሺ ያለ ግንበኛ ምን ያደርጋል? መሣሪያውን ያካፍላላ። እኔም ውሃ ልኬን ካራ ሰፈር፣ መዶሻዬን አያት ሰፈር አስቀመጥኩ። ድንጋይ የሚሸከም ሰው "አይሆንም" የምትል ቃል ለምን እንደምትከብደው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ቤት እጠበቃለሁ። ሁለቱም ከተቀየሙኝ ደግሞ እስከ መስከረም ሥራ የለኝም። ካራ አጥር የምታሠራው ጫልቱ ደወለች።

"ጋሼ፣ የት ደረሱ?"

"ኮተቤ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ። መዶሻዬ አያት ነው" ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"ውሃ ልክዎ እኔ ጋ፣ መዶሻዎ አያት፣ እርስዎ ታክሲ ውስጥ። ታዲያ የሚሠራው ማነው?" ስቃ ስትጨርስ "የአያት ሰዎቹ ሥራስ ምንድን ነው?" አለች።

"የቤት ግድግዳ ነው። ዝናብ ሊገባባቸው ነው።"

"እንግዲያው እነሱን ያስቀድሙ፤ አጥር ይቆያል። ውሃ ልክዎን መጥተው ይውሰዱ።"

"መያዣ ሳይኖርሽ?"

"ይመለሱ የለ እንዴ?"

የአያቱን ግድግዳ ጨርሼ ተመለስኩ፤ አጥሯንም ገነባሁ። ያን ክረምት ያሻገረችኝ፣ ውሃ ልኬን በእጄ ሰጥታ የሸኘችኝ ጫልቱ ናት።