የእትዬ ዘምዘም እንክብሎች

ባክቴሪያ ግንብ እንዳለው ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ከሚሴ ነርስነት መማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚህ ያዘለለኝ ነገር የለም። ሚሊዮኑ ቢሰበሰብ የጤፍ ፍሬ የማያክል ፍጡር ዙሪያውን ግንብ ገንብቶ ይኖራል! የኛ ሴል ግን ግንብ የለውም። የፔኒሲሊን ዘመድ የሆኑ መድኃኒቶች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ግንበኛውን ሥራ ያስፈቱታል። ባክቴሪያው ሲያድግ ግንቡ ይሰነጠቃል፣ እሱም ይፈነዳል። እኛን አይነኩንም። ማለቴ፣ አብዛኛውን ሰው። አንዳንዱን ያስቆጡታል፤ ስለዚህ ከመስጠት በፊት «ይህን መድኃኒት ወስደው አሳክኮዎት ወይም አብጠው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጉንፋንስ? ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረስ እንዲህ ያለ ግንብ የለውም። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ መዋጥ አጥር የሌለው ቤት ሄዶ አጥር ላፍርስ እንደማለት ነው።

ተሳስቼ ይሆን ብዬ ደብተሬን ደግሜ አየሁ። መምህሬንም ጠየቅሁ። ልክ ነህ አለኝ። ልክ መሆኔን ታዲያ ለማን ልንገር? ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘምዘም ነዋ!

እትዬ ዘምዘም ጨፋ ሜዳ ወርደው ማሽላ ሲያጭዱ አገዳ እግራቸውን ቧጭሯቸው ነበር። ቁርጭምጭሚታቸው ቀላ፣ አበጠ፣ ጋለ። ጤና ጣቢያ ሄዱ። ባክቴሪያ ከቆዳቸው ሥር ገብቷል ተብለው የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነው ክሎክሳሲሊን ታዘዘላቸው። እሳቸው ደግሞ ቸኩለዋል። ባቲ ያለችው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። ልጅ ስትወልድ እናት ትቀራለች እንዴ? ነርሷ ግን ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ ቅላቱ ወደ ጉልበት ከወጣ የሚሄዱት ባቲ ሳይሆን ሆስፒታል ነው።

የግንቡን ወሬ ይዤ ስገባ እግራቸው ብሶባቸዋል። መድኃኒቱስ አልኳቸው። አልቋል አሉኝ። ገና ትናንት ተሰጥቷቸው እንዴት ያልቃል?

«ተካፈልነዋ!» አሉኝ፣ ጥያቄዬ ገርሟቸው።

እንግዲህ የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። እዚህ ሰው ገብቶ ሳይቀምስ አይወጣም። ጠያቂ መጣ፣ መድኃኒቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ዝም ይባላል? ጎረቤታችን ፋጡማ ያስላታል፤ ሁለት ፍሬ ያዘች። ሌላዋ ራሷን ያማት ነበር፤ እሷም ደረሳት። አንዷ እንክብሉን ከፍታ ዱቄቱን ቁስሏ ላይ ነሰነሰችው። አንዷ ደግሞ ለተከዘች ዶሮዋ ወሰደች።

«ዶሮዋ ተሻላት?» አልኩ። ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ።

«ታረደች» አሉኝ።

ይህ ለብቻ የሚዋጥ ነው ብዬ ለመንኳቸው። እትዬ ዘምዘም ደነገጡ። «ለብቻዬ? ሰው እያየኝ? ኢልማ ኮ፣ አንተም ልጄ ሆነህ እንዲህ ትላለህ? ወላሂ ከጉሮሮዬ አይወርድም!»

እኔም ቀጠልኩ። ጥቂት መድኃኒት ደካማውን ባክቴሪያ ብቻ ይገድላል፣ ብርቱው ይተርፋል። ብርቱው ብርቱ ይወልዳል። ሌላ ጊዜ መድኃኒቱ ሲመጣ ልጆቹ ለምደውታል፣ አይደነግጡም። ያካፈሉት ለጎረቤት ብቻ አይደለም፣ ለባክቴሪያውም ነው አልኳቸው።

«እሱም የአላህ ፍጡር ነው» አሉኝ።

ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ተቆጣች፣ መረመረቻቸው፣ መድኃኒቱን ከመጀመሪያው አዘዘች። የቅላቱን ዳር ዳር በእስክሪብቶ አሰመረችበት። ይህን መስመር ካለፈ ወይም ትኩሳት ከያዛቸው ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ አለች። ስንወጣ እትዬ ዘምዘም ከረጢቱን እጄ ላይ አኖሩት። «አንተ ጋ ይቀመጥ። እኔ ጋ ካለ እሰጣለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ስልኬ በየስድስት ሰዓቱ ይጮኻል። ምግብ ሳይቀምሱ፣ በባዶ ሆድ፣ እኔ ፊት ይውጣሉ። ሰዓቱን ተሳስቼ ይሆን እያልኩ ማዘዣውን ደጋግሜ አነባለሁ።

ፋጡማ መጣች። ሁለት ፍሬ ብቻ አለችኝ። ትኩሳት እንደሌላት፣ ትንፋሽ እንደማያጥራት ጠየቅሁ። ንፍጥና ሳል ብቻ ነው። ትኩሳት ከመጣ ወይም መተንፈስ ካስቸገራት ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ነገርኳት። ይህ መድኃኒት ግን ለጉንፋን አይሠራም፣ የጉንፋን ቫይረስ ግንብ የለውም አልኳት።

«አልሰጥም ካልክ አልሰጥም በል! ግንብ ምን አመጣው?» ብላ ወጣች።

ሰፈሩ ሰማ። ስሜ ንፉግ ሆነ። ሳልፍ «ሰኢድ መጣ፣ ውሃ እንኳ እንዳትለምኑት» ይላሉ። እናቴ አፈረች። በዘራችን ንፉግ አልነበረም፣ ትምህርቱ ነው ያበላሸህ አለችኝ። እኔም እውነት ልክ ነኝ? ብዬ ሠጋሁ። መጀመሪያ ቅላቱ አልቀነሰም፤ መስመሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። እንደ ልጅ ተንበርክኬ እግራቸውን ስመለከት እትዬ ዘምዘም ይስቁብኛል።

አንድ ጠዋት ግን ቅላቱ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ሸሽቷል! በማግስቱም ሸሸ። ግንቡ እየፈረሰ ነው ብዬ ጮህኩ! ጎረቤት የማን ቤት ፈረሰ ብሎ ወጣ።

እብጠቱ ሲጎድል እትዬ ዘምዘም ዳንኩ አሉ። የቀረውን ለፋጡማ ስጣት አሉኝ። እምቢ አልኩ። የመጨረሻዋን እንክብል እስኪውጡ ድረስ እምቢ አልኩ። የፋጡማ ሳል ግን ያለ ምንም እንክብል ለቆ ሄዷል። የጠጣሁት ዝንጅብል ነው ትላለች።

እትዬ ዘምዘም በእግራቸው መናኸሪያ ድረስ ሄደው ባቲ ገቡ። ልጃቸው በሰላም ወለደች፤ እሳቸውም ደረሱ። ሲመለሱ ሰፈሩን ሰብስበው ዱዓ አደረጉ። ለአራሷ፣ ለሕፃኑ፣ ለዝናቡ። መጨረሻ ላይ እጃቸውን እንደዘረጉ ወደኔ ዞሩ።

«አላህ ለየሰፈሩ እንደ ሰኢድ ያለ ንፉግ ይስጠው!»

ድምጿን ከሁሉ አስበልጣ አሚን ያለችው ፋጡማ ናት።