ጋሽ ገብረ መድኅንና የሬዲዮው ተልባ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሬዲዮ ስለ ጤና የሚያወራውን አላምንም ብሎ የሚሟገት አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ ለመካኒሳዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ ገብረ መድኅን ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ሥራቸው ሕዝብ ቆጠራ ነበር። በር እያንኳኩ "እዚህ ቤት ስንት ሰው አለ?" ሲሉ ኖረው፣ ጥያቄው አፋቸው ላይ ቀረ።

"ነጭ ሽንኩርት ልብን እንደሚያጠነክር አንድ ጥናት አመለከተ" ይላል የታክሲው ሬዲዮ። ከኋላ ወንበር ድምፅ ይመጣል፦ "ስንት ሰው ላይ?"

"እኔ እንጃ አባባ" ይላል ሾፌሩ።

"ሰው ነው ወይስ አይጥ?"

ተሳፋሪው ይስቃል፣ እሳቸው ግን መልስ ይጠብቃሉ።

አምና ቸኮሌት ለልብ ጥሩ ነው ተባለ፤ ወር ሳይሞላ ደግሞ ጠንቅ ነው ተባለ። ጎረቤታችን ኮርሳ የመጀመሪያውን ሰምቶ አንድ ካርቶን ገዝቶ ነበር። ጋሽ ገብረ መድኅን ሁለቱን ዜናዎች ከጋዜጣ ቆርጠው፣ በቀይ እስክሪብቶ "የትኛው ልብ?" ብለው ጽፈው በበሩ ሥር ከተቱለት። አንዴማ ቀጥታ ስርጭት ላይ ደውለው አቅራቢዋን "አይጦቹ ስንት ነበሩ?" አሏት። መስመሩ ተቋረጠ። እንዳይከፋቸው ኔትወርክ ነው አልናቸው።

እኔ ምስጢር እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሬዲዮ ካልተከፈተ ሥራ አይገፋልኝም። ግፊት ስላለብኝ በየቀኑ አንድ ኪኒን እውጣለሁ። አንድ ማክሰኞ "ተልባ የደም ግፊትን እንደሚያወርድ ተረጋገጠ" ሲባል ሰማሁ። በየጾሙ የምበጠብጠው፣ ከቤቴ ጠፍቶ የማያውቀው ተልባ። ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ጠዋት ጠዋት ተልባዬን መጠጣት ጀመርኩ። ደስታዬን ደግሞ ለማን ባወራ ጥሩ ነው? ለጋሽ ገብረ መድኅን።

"ስንት ሰው ላይ?" አሉ።

"ጋሼ፣ ተረጋገጠ እኮ ነው የተባለው።"

"ኪኒኑን ተዉት ብለዋል?"

"እርስዎ ደግሞ ደህና ወሬ አይወዱም" አልኩና ወደ ስፌቴ ዞርኩ። በጣም ተናድጄ ነበር። ዕድሜ ልክ ኪኒን ከመዋጥ የሚገላግለኝ ነገር ሳገኝ ምን አለበት ቢተዉኝ?

በሦስተኛው ሳምንት ማጅራቴን ይይዘኝ፣ የመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅተኝ ጀመር። ተልባውን ጨመርኩ። ጋሽ ገብረ መድኅን ሁለት ቀን መጥተው አንኳኩ፤ ድምፄን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ለካ ሕዝብ ቆጣሪ ቤት ውስጥ ሰው ካጣ ሦስት ጊዜ መመለስ አለበት። በሦስተኛው ከፈትኩ።

ልጃቸው አክሱማዊት ጥናቱን ከኢንተርኔት አውጥታ ተርጉማላቸዋለች። በቀይ ያሰመሩበትን አነበቡልኝ፦ "ሃያ ሁለት ሰው። አራት ሳምንት። ሁሉም ተልባውን የጠጡት ኪኒናቸውን ሳያቋርጡ ነው።"

ሬዲዮው ይቺን መስመር አላነበባትም። ያኔ ፈራሁ።

ጤና ጣቢያ አብረውኝ ሄዱ። ነርሷ ለካችኝ፣ ደግማ ለካችኝና "በእግርሽ ነው የመጣሽው?" አለችኝ። ጋሽ ገብረ መድኅን ያን ቀን ስንት እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው እያዞሩ ግድግዳ ግድግዳውን ያዩ ነበር።

አሁን ወደ ኪኒኔ ተመልሻለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሬ ይንኳኳል።

"ምስጢር፣ ዋጥሽ?"

"ዋጥኩ ጋሼ።"

ደብተራቸው ላይ ምልክት አድርገው ይሄዳሉ።

ባለፈው ሳምንት ሬዲዮው፣ ጠያቂ ያለው ሕመምተኛ ልቡ ቶሎ ይበረታል የሚል ጥናት አወራ። ነገርኳቸው።

"ስንት ሰው ላይ?" አሉ።

"ስንቱን እንጃ፣ አንዷን ግን አውቃታለሁ" አልኳቸው።

"አንድ ሰው አይበቃም" አሉና ሄዱ። በማግስቱ ግን ከወትሮው አሥር ደቂቃ ቀድመው አንኳኩ።