ሺንሺቾ ወደቀ

ስም ማውጣት የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። ሆሳዕና በምሠራበት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያው ኤርሲዶ ነው። ኮምፒውተርን ከሌባ የሚጠብቁ ማሻሻያዎች በመጡ ቁጥር፣ "ይህን ረጅም ቁጥር ማን ይይዛል?" እያለ በአካባቢያችን ከተሞች ስም ይጠራቸዋል። "ሆመቾን ጫናችሁ?" ይለናል፤ እኛም እንደ ሚኒባስ ረዳት "ጭነናል!" እንላለን።

ባለፈው ማክሰኞ እማማ አበበች የመሬት ማስረጃቸውን ሊያስተካክሉ መጥተው ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጠዋል። ኤርሲዶ እየሮጠ ገባ። ሺንሺቾ ያለው አዲሱ ማሻሻያ በየኮምፒውተሩ አልጫን ብሎት ፊቱ ገርጥቷል።

"ሺንሺቾ ወደቀ! አንዱም አልተረፈ!"

እማማ አበበች ብድግ አሉ። "ልጄ! ልጄ ጠዋት ወደ ሺንሺቾ ነው የተሳፈረችው!"

"እማማ፣ የኮምፒውተር ነገር ነው" ብላቸው፣ "ኮምፒውተሩ ነው የነገራችሁ?" ብለው ጮኹ።

ልጅቷ ስልክ አታነሳም። ሦስት ጊዜ ደወልንላት። እውነቱን ልንገራችሁ? በአራተኛው እኔም የመናኸሪያውን ስልክ ቁጥር መፈለግ ጀመርሁ፤ ነገሩን እያወቅሁ!

በአምስተኛው አነሳች። "እማዬ፣ ገበያ ውስጥ ነኝ። ምን ሆናችሁ ነው?"

እማማ እንባቸውን ጠርገው ወደ ኤርሲዶ ዞሩ። "ስማ ልጄ፣ ሰው የሚኖርበትን አገር ስም ለማሽን አትስጥ።"

ከዚያ ወዲህ በቁጥር ብቻ ይጠራቸዋል። የትኛውን እንደጫንን፣ የትኛው እንደቀረን ከመሃላችን የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ሌባው ኮምፒውተራችን ውስጥ የገባ ቀን ወሬውን በቁጥር እንሰማለን፤ ማንም ብድግ አይልም።