አንድ ዙር ለጥንቃቄ

የጠበቀውን ነገር ደግሞ ሳያጠብቅ የማያልፍ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የውኃ ጠርሙስ ከድኖ ካቀበላችሁ፣ ውኃውን የምትጠጡት በማግሥቱ ነው።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ በእኛ በሌክ ሲቲ ሰፈር፣ እኚህ ሰው ክቡር ጋሽ ዘመድኩን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የኤርፖርት ሻትል መኪና ሹፌር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አፀደ የበርበሬ ዕቃ ታቅፈው በሬን ሲያንኳኩ “ልጄ፣ ዘመድኩን ከድኖታል” ይላሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጎረቤታችን ሐመልማል ልጇን ክርስትና ስታስነሳ የድንኳኑን ገመድ ያሰሩት እሳቸው ነበሩ። ድግሱ አልቆ ሲፈርስ መፍታት ስላልተቻለ በቢላዋ ቆረጥነው። ጋሽ ዘመድኩን በየጊዜው የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ “አንድ ዙር ለጥንቃቄ!”

ከጓደኛቸው ከአቶ ደስበለ ጋር የዒላማ ተኩስ ክበብ አባል ናቸው። አቶ ደስበለ ይተኩሳሉ፤ ጋሽ ዘመድኩን ጥይቱን ይሠራሉ። የተተኮሰውን ቀለህ፣ የጥይቱን ባዶ ቀፎ፣ ለቅመው ያጸዳሉ፤ አዲስ ማቀጣጠያና ባሩድ ይጨምሩበታል፤ የመዳብ ልባስ የሌለው የእርሳስ አረር ከላዩ ይሰካሉ። በመጨረሻም ጋራዣቸው ውስጥ ባለችው የእጅ ማሽን የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ ጠበብ ያደርጉታል።

በፈረንጆቹ 2011፣ ግንቦት ላይ፣ የአቶ ደስበለ ሽጉጥ በርሜል ውስጡ በእርሳስ ይለሰን ጀመር። ሃምሳ ጥይት ሳይተኩሱ ዒላማው ይዛባል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ በብሩሽ ፍቅፈቃ ነው።

“ስማ ዘመድኩን፣ ቅዳሜ ውድድር አለ” አሉ አቶ ደስበለ። “እስከዚያ ካልተስተካከለ የፋብሪካ ጥይት ነው የምገዛው። ሶሪ።”

“የፋብሪካ?” አሉ ጋሽ ዘመድኩን። የፍቺ ወረቀት የተሰጣቸው ነው የሚመስሉት።

ምርመራቸውን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ተከታተልኩ፤ እውነቱን ለመናገር የሚያስቀና ነበር። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላው እንዳለ ይቆያል፤ ሁሉም ደብተር ላይ ይሰፍራል። ሰኞ “እርሳሱ ለስልሶ ይሆናል” ብለው ጠንከር ያለ ሞከሩ። አቶ ደስበለ ከሥራ መልስ ክበቡ ሄደው ተኮሱና ደወሉ። “ተለስኗል።” ማክሰኞ “ፍጥነቱ በዝቶ ይሆናል” ብለው መመሪያው በሚፈቅደው ልክ ባሩዱን ቀነሱ። “ተለስኗል።” ረቡዕ አረሩ ላይ የሚቀባውን ሰም ለወጡ። “ዘመዴ፣ ጥይት ሱቁ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?” አሉ አቶ ደስበለ።

ሐሙስ አረሮቹን አንድ በአንድ በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ለኩ። አረር ከበርሜሉ በፀጉር ያህል ወፈር ማለት አለበት፤ አለበለዚያ የባሩዱ ትኩስ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን እየላጠ ግድግዳው ላይ ይለስነዋል። ሁሉም ልክ ነበሩ።

“ታዲያ ምንድን ነው?” ብለው ጭንቅላታቸውን ሲይዙ ወይዘሮ አፀደ የማር ጠርሙስ ይዘው ገቡ።

“ይሄን ማር ምን አድርጎህ ነው እንዲህ ያነቅኸው?”

“አንድ ዙር ለጥንቃቄ ነው፣ አፀደ።”

“ያን ምስኪን እርሳስም እንዲህ ነው የምታንቀው?”

ጋሽ ዘመድኩን ተሠርቶ ካለቀው ጥይት አንዱን አንስተው፣ መዶሻ በመሰለችው መፍቻ አረሩን መልሰው አወጡና ለኩት።

“ወገቡ ቀጥኗል!”

ልክ ሆኖ የገባው አረር ቀጥኖ ወጣ። አረሩ እንዳይላላ ብለው ማሽኗን አንድ ዙር ጨምረውባት ኖሮ፣ ቀለሁ ለስላሳውን እርሳስ ጨምቆታል። ደብተራቸውን ገለጡና በትልቁ ጻፉ፦ “ምክንያት፦ ዘመድኩን።”

ማሽኗን አንድ ዙር አላሉና ጥይቱን እንደገና ሠሩ። ቅዳሜ፣ ከውድድሩ በኋላ፣ አቶ ደስበለ በርሜሉን ወደ ብርሃን አንስተው በአንድ ዓይናቸው አዩ።

“ና እይ፤ መስታወት ነው!” ከአሥራ አንድ ተወዳዳሪ አምስተኛ ወጥተዋል። “ለሚቀጥለው ሁለት መቶ ሥራልኝ።”

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ዘመድኩን ተለወጡ። በርበሬው በሁለት ጣት ይከፈታል፤ ወይዘሮ አፀደም በሬን ማንኳኳት ተዉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ።

በታኅሣሥ፣ በረዶ የጫነውን ተራራ አቋርጬ ልጆቼን ወደ ስፖኬን ከተማ ልወስድ ስል፣ የበረዶ ጎማ ቀየሩልኝ። የመጨረሻውን ብሎን አጠበቁና ቀና አሉ። “ልኩ ይሄ ነው። እኔ ተምሬያለሁ።”

ቁልቁለቱ ታየኝ። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ልጆች አየሁ።

“ጋሽ ዘመድኩን” አልኳቸው፣ “አንድ ዙር ለጥንቃቄ።”

ፊታቸው ላይ የበራውን ብርሃን ብታዩት! አራቱንም ጎማ ዞሩ።

በመጋቢት ጎማውን ላስቀይር ጋራዥ ስሄድ ሜካኒኩ መፍቻው ላይ ቆሞበት ላቡን ጠረገ። “ማነው ይሄን ያሰረው?”

ዝምድና እንኳ የለንም።

“አጎቴ ናቸው” አልኩት።