መኪና አንስቶ የማያውቀው ማንሻ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ የተጣለ ነገር አይቶ አልፎ መሄድ የማይችል። የተሰበረ ማረሻ፣ ጆሮ የሌለው ማንቆርቆሪያ፣ ልቡ የቆመ ሰዓት፣ ሁሉም እሱ ቤት ይገባል፤ አንዱም አይወጣም። እንግዳ ሆነህ ብትሄድ ለመቀመጥ መጀመሪያ አንድ በሽተኛ ዕቃ ከመደቡ ላይ ማንሳት አለብህ። እንዲህ ያለ ሰው በሌለበት ሰፈር ኖሬአለሁ የሚል ካለ አላምነውም።

የእኛው አያ ጌጡ ነበሩ። በደብረ ታቦር ሊቃውንት አይጠፉም፤ የቅኔው አለ፣ የድጓው አለ። እሳቸውን ደግሞ «ሊቀ ብረታት» ብለን ሾምናቸው። ሹመቱ ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት። የጋቢያቸው ጫፍ ሁልጊዜ ብሎን ተቋጥሮበት ነው የሚውለው። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ብሎኑ ከበሩ እየተጋጨ ኳ ይላል፤ በዚያ ነበር መምጣታቸውን የምናውቀው።

ንግግራቸው አንድ ነበረች፤ «ትንሽ ነው የቀረው።» ጎረቤታችን እቴነሽ የበሯን ቁልፍ እንዲያበጁላት ሰጥታቸው ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር። እቴነሽ ደግሞ ዝም ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

«አያ ጌጡ፣ ቁልፌስ?»

«ትንሽ ነው የቀረው።»

«በሩ እኮ ወደቀ።»

«እንግዲያማ መቸኮል የለብንም።»

በ1931 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ዐረፈች። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናህ እያለ ሄደ። አያ ጌጡም መጡ፣ ተቀመጡ፣ እኔን ሳይሆን የቤቱን ምሰሶ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ምሰሶውን ከእግሩ ሥር በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ጣታቸው ገባ።

«በስብሷል» አሉ። ይህን ብለው ወጡ። ለቅሶ ቤት ውስጥ። ያን ቀን ተቀየምኋቸው።

ነገሩ ግን እውነት ነበር። ያንን ቤት ከጥሩወርቅ ጋር ከሠራነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ግድግዳውን የለሰነችው እሷ ናት። ከመደቡ በላይ፣ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ አንድ ሰው ከደጅ ጠርቷት እጇን ያሳረፈችበት ቦታ አለ፤ አራት ጣቶቿ እዚያው ደርቀው ቀርተዋል። ምሰሶ ለመለወጥ ጣሪያው መፍረስ አለበት። ጣሪያው ፈርሶ ዝናብ ከመጣ ደግሞ የጭቃ ግድግዳ አንድ ሳምንት አይቆይም። ካልተለወጠም ጣሪያው በራሱ ጊዜ ይወርዳል።

ወንድሟ አያሌው ከአንበሳሜ መጥቶ ቤቱን ዞሮ አየ። «አያ አለሙ፣ ይኸ ክረምቱን አይወጣም። እኔ ዘንድ ይምጡ። ሰኔ ሲገባ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ» አለኝ።

አያ ጌጡ በዚያው ወራት ሌላ ነገር ይዟቸው ነበር። መንገድ ሲሠራ ገሳይ አጠገብ ሰፍሮ የነበረው ጣሊያን ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ አንድ የመኪና ማንሻ ቦይ ውስጥ ጥሎ ሄደ። ሄደን አየነው። ከሰው ቁመት የሚበልጡ አራት የብረት ቋሚዎች፣ በየቋሚው ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ወፍራም ብሎን፣ መኪናው የሚቆምባቸው ሁለት አግዳሚዎች። ብሎኑ ሲዞር አግዳሚው ይነሣል። ይነሣ ነበር ማለቴ ነው፤ አንዱ ቋሚ ጎብጧል፣ ብሎኖቹ በዝገት ታስረዋል፣ አራቱን አንድ ላይ የሚያዞረው ሰንሰለት የለም።

አያ ጌጡ ዞር ዞር ብለው አዩት። «ትንሽ ነው የቀረው» አሉ።

«መኪና አለዎት እንዴ?»

«ሙላቴ አለኝ።»

ሙላቴ አንድ ልጃቸው ነው። የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ወደ ደሴ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ወሬ የለም። «መኪና ይዞ ሲመጣ ጭቃ ላይ ተንጋሎ ይሥራ?» አሉኝ።

ችግሩ ብረቱን ማምጣቱ ነበር። ኬላው ላይ ያለ ወረቀት ብረት አያልፍም። ሊቀ ብረታት ለዚህም መላ አላጡም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቃሬዛ ተዋሱ። ቋሚዎቹን በጋቢ ሸፍነን፣ እሳቸውና እኔ ከፊት፣ ሁለት ዘመዶቻቸው ከኋላ ተሸከምን። ቃሬዛውን አውቀዋለሁ። በጥቅምት ከኋላው ሄጃለሁ።

ያላሰብነው የአገሩን ሰው ነበር። በሬሳ አጠገብ እንደዋዛ የሚያልፍ ሰው የለም። ባለበቅሎው ወረደ፤ ገበያተኛው ሸክሙን አስቀምጦ ተከተለ፤ ኬላው ስንደርስ ሃያ ሰው ሆነን ሁለት ሴቶች ሙሾ ያወርዱ ነበር። ኬላ ጠባቂው የጣሊያን ወታደር፣ አስካሪው፣ ቆቡን አውልቆ አሳለፈን። አንዷ አልቃሽ ስም ሳይኖራት ማልቀሱ ቸገራትና ወደ አያ ጌጡ ተጠጋች።

«ማን ልበል?»

አያ ጌጡ አስካሪውን ዞር ብለው አዩ። «የሩቅ አገር ሰው ነው» አሉ። «ዘመድም የለው።»

ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ይብሱን አለቀሰች። ዘመድ የሌለው ሙት ሰምታ የምትችል አልነበረችም። አብሬአት ለማልቀስ ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ ለብረት አልነበረም። በማግሥቱ የቀረውን ጭነን ስንመለስ ያው አስካሪ ሁለተኛውን ሬሳ አይቶ አፍንጫውን ሸፈነና «ምን በሽታ ገባባቸው?» እያለ ከሩቅ አሳለፈን።

ከዚያ በኋላ ጥገናው ሆነ። እኔም ማታ ማታ ካልሆነ ቤቴ መግባት ትቼ ስለነበር እሳቸው ዘንድ ነበር የምውለው። ዝገቱን በአመድና በአሸዋ ፈተግን። ብሎኖቹን በኑግ ዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልለን እንደ አራስ አስተኛናቸው። የጎበጠውን ቋሚ በእሳት አግለን ስንቀጠቅጥ ሰው በአጥር እያየ «ጌጡ በስተርጅና ቀጥቃጭ ሆነ» ይላል፤ እሳቸው አይሰሙም። ሦስቱ ብሎኖች በሁለት ሳምንት ተላቀቁ። አራተኛው በሰባተኛው ሳምንት፣ ዐርብ ቀን፣ ሩብ ዙር ዞረ። አያ ጌጡ ቁጭ አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ዘይት ገባብኝ» አሉ።

የሥራ ቤታቸውን የሠሩት ማንሻውን ከተከሉ በኋላ ነው። ብረቱ መሐል ቆመ፣ ግድግዳው በዙሪያው ተነሣ፣ ሣሩ ተከደነ። የሚያምር ክብ ቤት ሆነ፤ ጭነት የጫነች በቅሎ የምታስገባ በር ያለው፣ እንደማንኛውም ቤት። ምርቃቱ ላይ እቴነሽ ጠላዋን ይዛ አንድ ዙር ዞረችና በሩ ላይ ቆመች። እጇን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዘረጋች። ሁለቱም መቃን ነካ።

«አያ ጌጡ፣ መኪናው በየት ነው የሚገባው?»

ለካ አራት ወር ሙሉ አንዳችንም አላሰብነውም። መኪና ቤት ውስጥ ሲገባ አይተን የምናውቅ ሰዎች አልነበርንም። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ለሳምንት አልበረደም። አያ ጌጡ በሩን አዩ፣ ማንሻውን አዩ። «ትንሽ ነው የቀረው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ሰኔ ገባ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጎህ ሲቀድ ምሰሶዬ ጮኸ፤ ጣሪያው ወደ መደቡ በኩል፣ ወደ ጣቶቿ በኩል አዘነበለ። ረፋድ ላይ አያሌው ሁለት በቅሎ ይዞ ደረሰ። ክርክር አላስነሣሁም። ጋኑንና አንድ ሣጥን አስጫንሁት። ግድግዳ አይጫንም።

እንዲህ ሳለን አያ ጌጡ በአንዱ የማንሻ ቋሚ ጫፍ እየተጎተቱ፣ እቴነሽ ሌላውን ጫፍ ይዛ እየተሳደበች መጡ። የሥራ ቤታቸውን ወለል ቆፍረው ማንሻውን ነቅለውታል።

«ጭነቱን አውርድ» አሉት አያሌውን።

«አያ ጌጡ፣ ጣሪያው እኮ እየወረደ ነው።»

«አየሁት። ለዚህም ነው አውርድ ያልሁህ።»

«ሙላቴስ?» አልኋቸው።

ቋሚውን እያስተካከሉ ነበር፤ ቀና አላሉም። «እስኪመጣ ሥራ ፈቶ ከሚቆም» አሉ።

የቀረውን ተመላልሰን አምጥተን አራቱን ቋሚዎች በምሰሶው ዙሪያ ተከልን። አግዳሚዎቹ ላይ ባላ እያቆምን ጣሪያውን ደገፍን። የቀረው ማንሣቱ ነበር፤ ሰንሰለት ደግሞ የለም። አራት ሰው አራቱን ብሎን እኩል ካላዞረ ጣሪያው ተጣሞ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። አያ ጌጡ አንድ ብሎን ያዙ፣ እኔ አንድ፣ እቴነሽ አንድ። አያሌው ልጓሙን እንደያዘ ትንሽ ቆመ። ከዚያ በቅሎውን አስሮ አራተኛውን ያዘ።

«እንደ ምሕላ ነው» አሉ አያ ጌጡ። «በአንድ እግዚኦ አንድ ዙር። የሚቀድም የለ፣ የሚቀር የለ።»

እግዚኦ አልን፣ አንድ ዙር። እግዚኦ፣ አንድ ዙር። ዝናቡ ሣሩን ይመታል። በጥቅምት እግዚኦታው ሲደርስ ቆሜ ነበር፤ ከአፌ ግን ቃል አልወጣም ነበር። አሁን ወጣ። ሃያ ላይ እቴነሽ «ጣሊያንም ይኸን ጸሎት ነበር የሚያደርስበት?» አለች፤ ማንም አልሳቀ፣ ማንም አላቆመ። አርባ አንድ ስንል ጣሪያው አንድ ስንዝር ተነሥቶ ነበር። የበሰበሰው ምሰሶ እንደ ወለቀ ጥርስ ብቻውን ቀረ።

ግድግዳው አልተሰነጠቀም። ሄጄ በመዳፌ ዳሰስሁት። አያሌው ሣጥኑን አውርዶ መልሶ አስገባው፤ በማግሥቱም ባዶ በቅሎዎቹን እየነዳ ወደ አንበሳሜ ተመለሰ።

አያ ጌጡ አዲስ የጽድ ምሰሶ አስቆርጠው አመጡልኝ። «እርጥብ ነው፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል። እስኪደርቅ ማንሻው ይያዝ» አሉ። ጽዱን ከግድግዳው ሥር አጋደምነው።

ጣሊያን ከወጣ ቆየ። ሙላቴ እስከ ዛሬ አልመጣም። ማንሻው መኪና ሳያነሣ ቤቴን እንደ ተሸከመ ነው፤ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ በአራት ብረት መሐል ተቀምጦ ይበላል። አያ ጌጡ ቅዳሜ ቅዳሜ የኑግ ዘይታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ብሎኖቹን ይቀባሉ፤ መቀባት እንደማያስፈልጋቸው ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ወደ ጽዱ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ያንኳኩታሉ።

«ደረቀ?» ይሉኛል።

ከደረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ይህን ጩኸት ደግሞ በአገሩ ከሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

«ትንሽ ነው የቀረው» እላቸዋለሁ።

«እንግዲያማ መቸኮል የለብንም» ይላሉ፤ ብሎን የተቋጠረበትን የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ሁለት ሰው የሚበላውን አቀርባለሁ።