ክቡር ወጋገንና የጠፉት አፍንጫዎች

ፍጥረት ሳያልቅ እጁ ላይ የደረሰ የሚመስለው ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ያየውን ሁሉ እሱ ካላሟላው የተሟላ አይመስለውም። የእኛ ሰፈር ድርሻ ፎቶ አንሺው ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ግን «ክቡር ወጋገን» ናቸው።

ክቡርነታቸው ጥላ አይወዱም። «ጥላ የሚፈልግ ዛፍ ሥር ይቀመጥ!» ይላሉ። ደንበኛውን ነጭ መጋረጃ ፊት ያስቀምጡና ሁለት መብራት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ይለቁበታል። ይህ ገና ማሟሻው ነው፤ ዋናው ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። «ይሄ ሃይ ኪ ይባላል» ይላሉ፣ የመንግሥት ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ እንደገባኝ ሃይ ኪ ማለት ጀርባው ነጭ፣ ጥላው የሳሳ፣ ፊቱ የፈካ ፎቶ ነው። ሌላው ፎቶ አንሺ ፊቱ ሲፈካ ያቆማል። ክቡርነታቸው «ትንሽዬ ብቻ ልጨምር» ብለው ማውሱን ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ጉንጭ ይፈካል። «ትንሽዬ ብቻ።» መጨማደድ ይጠፋል። «የመጨረሻ ትንሽዬ።» አፍንጫ ይሰናበታል።

ነጭ ጋዋኗን ለብሳ የተነሳችው ፋርማሲስት ሁለት ዓይንና አንድ ስክሪፕቶ ሆና ወጣች። ሽበታሙ ጡረተኛ መምህር ፎቷቸውን ተቀብለው «ጸጉሬስ?» ቢሉ፣ «ጀርባው ውስጥ አለ፤ አልጠፋም» ተባሉ። ጠይሟ አክስቴ እንደ ወተት ነጥታ ስትመጣ ባሏ ፎቶውን አገላብጦ አየና «ማን ናት?» አለ። አክስቴ ፎቶውን ሳሎን ሰቀለችው፤ ባሏን ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው።

እኔም አላመለጥኩም። ለመሥሪያ ቤት መታወቂያ ጉርድ ፎቶ አስነስቼ ሳስገባ፣ ጸሐፊዋ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ «እህት፣ አፍንጫሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። መከራከር ስለማልችል «እሺ» ብዬ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለስኩ። ክቡርነታቸው ከልባቸው አዘኑ።

«አፍንጫ ምን ያደርግላታል? ልታሸትሽ ነው?»

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው የእናቴ ነገር የመጣው። የእናቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ የዓይን ሐኪም ቀጠሮዋ ደግሞ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ያለን ፎቶ አንድ ብቻ ነው። በር ላይ ቆሞ፣ ግማሽ ፊቱን ጨለማ ውጦት። እናቴ ሁልጊዜ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበሯ ሆና ታየዋለች። አንድ ቀን ግን «አባትሽ የት ሄደ? በሩ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለችኝ።

የጠቆረ ፎቶ የሚያነጣ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ፎቶውን ይዤ ሄድኩ፤ የፈራሁት ለጠባሳው ነው። አባቴ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ አምፖል ሊቀይር ወጥቶ ከመሰላል የወደቀ ዕለት ያተረፈው። እናቴ እስከ መጨረሻው በዚያ ጠባሳ ስታበሽቀው ነው የኖሩት። ጠባሳው ከጠፋ ግድግዳችን ላይ የሚሰቀለው ሌላ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ጠባሳውን እንዳይነኩብኝ!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

«ጠባሳ? የት አለ?» ፎቶውን አፍንጫቸውን እስኪነካ አስጠጉት። ወዲያው ተዉትና «እናትሽ ከየት ሆነው ነው የሚያዩት?» አሉ። ነገርኳቸው። «መልሰሽ ስቀይው፤ ነገ መጥቼ ልየው።»

በማግሥቱ መጡ። እናቴ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ተቀምጠው ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አዩ።

«እውነትዎን ነው» አሏት። «ከዚህ በሩ ብቻ ነው የሚታየው።»

እኔ ወንበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ግድግዳው ሦስት እርምጃ ነው። የአባቴ ግማሽ ፊት ከነጠባሳው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እናቴን ለማጽናናት ያሉት መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን አጥብበው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ በእርግጥም አባቴን እየፈለጉት ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ስንስቅባቸው በኖርንበት ዘመን ሁሉ ማውሱን ወደ ቀኝ የሚገፉት ሊያሳምሩን አልነበረም። እስክንታያቸው ነው።

ፎቶውን ከግድግዳው አወረድኩ። ፎቶ ቤት አብሬያቸው ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እዚህ ጋ ነው?» ይላሉ። «ወደ ግራ፣ ጋሼ፤ ቅንድቡ ላይ» እላለሁ። ብርሃኑ ጠባሳው ላይ እንዳያርፍ ዙሪያውን ከለሉት። ከዚያ ገፉ። በሩ ጠፋ፣ ጨለማው ጠፋ፣ አባቴ መጣ።

እናቴ ከወንበሯ ሆና ገና ስታየው ጮኸች፦ «እንዴ! ይሄ ሰውዬ እኮ ጠይም ነበር!» ከዚያ ተነስታ ወደ ፎቶው ተጠጋች። ቀስ ብላ፣ «ጠባሳው ግን አለ» አለች። «ያ መሰላል!»

ለእናቴ ቀጠሮ ቀን ሁለተኛ ስም አስመዘገብኩ። ክቡርነታቸው ሲሰሙ ተቆጡ፦ «የእኔ ዓይን ምን ሆነ?» መብራቶቹን እያጠፉ እያበሩ ትንሽ ቆዩና፣ «ወረፋው ረጅም ነው?» አሉ።

«ከእናቴ ጋር እየተጫወቱ ይጠብቃሉ።»

ከቀጠሮው ቀን በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ፎቶ ልነሳ ሄድኩ። ለመሥሪያ ቤት አይደለም፤ እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጉንጬ ፈካ። አፍንጫዬ ተሰናበተ።

«ትንሽዬ ብቻ ልጨምር?» አሉ።

«ይጨምሩ፣ ጋሼ።»

ገፉ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና ፊታቸው በራ።

«እህ! አሁን መጣሽ።»